አሳታፊ ጥበብና የውሳኔ ባለቤትነት፦ ከአዱኛ ለወናጎ የሚገኝ ትምህርት

አሳታፊ የጥበብ ሥራ የሚመዘነው በተሳታፊው ብዛት ሳይሆን በውሳኔው ባለቤትነት ነው። እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው የዳንስ ሥራ አዱኛ የተሰኘውን የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን አስገኘ፤ ከሠልጣኞቹ ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ በኋላ የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ፍሬው የታየው ሠልጣኙ ራሱ አቀናባሪ ሲሆን ነው።

ይህ መመዘኛ ለወናጎ አካባቢም ይሠራል። በዚያ የሚገኘው የቱቱ ፈላ የትክል ድንጋይ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር አካል ነው። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ማኅበረሰቡም የሚመክርበት ሶንጎ አለው። ሠዓሊ ንድፉን ጨርሶ ወደ ሶንጎው ቢቀርብ ፈቃድ ጠየቀ እንጂ አላሳተፈም። ተሳትፎ የሚጀምረው ምን እንደሚሣልና ምን ሳይነካ እንደሚቀር አብሮ ሲወሰን ነው።