በደጋ እርሻ አዋሳኝ የቀይ ቀበሮ አኗኗርና የገበሬው ጥንቃቄ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ውጭ በየትም አይገኝም። በሕይወት ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ ቀሪዎቹ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ እንዲሁም በመንዝ ጓሳ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትነዋል። በአብዛኞቹ ቦታዎች መኖሪያቸው ከገብስ ማሳና ከግጦሽ መሬት ጋር ስለሚዋሰን፣ የእንስሳው ህልውና በአዋሳኙ ገበሬ አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው።

የሚመርጠው ቦታ

ቀይ ቀበሮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ሣር በሸፈነውና ጅብራ በሚበቅልበት ገላጣ ውርጭ ምድር ይኖራል። ቦታውን የሚመርጠው በምግቡ ምክንያት ነው። ከሚበላው ከ90 በመቶ በላዩ አይጥና አይጥ መሰል እንስሳት ናቸው። በባሌ ዋና ምግቡ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ የሚችለው ግዙፍ ፍልፈል ሲሆን፣ ይህ ፍልፈል በሌለበት በሰሜኑ ክፍል ልዩ ልዩ የሣር አይጦችን ያድናል።

ሣሩ ሲታረስ የአይጦቹ ጉድጓድ ይፈርሳል፣ ምግቡም ይጠፋል፤ ቀበሮውም ቦታውን ይለቃል። በሰሜኑ ደጋ እርሻ እስከ 3,500፣ አልፎ አልፎም እስከ 3,800 ሜትር ከፍታ ወጥቷል። በጎጃም ጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ፈጽሞ ጠፍቷል።

የቀን ውሎው

ቀበሮዎቹ ወሰን ለይተው በቡድን ይኖራሉ፤ ማለዳና ምሽት ወሰናቸውን አብረው ይቃኛሉ። አደን ግን ለየብቻ፣ በአብዛኛው በቀን ነው። ሰው በሚያሳድዳቸው አካባቢ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ሌሊት ያዞራሉ።

ቀበሮ በከብት መካከል መታየቱ ብቻውን የጥቃት ምልክት አይደለም። በባሌ ቀበሮዎች በከብት መንጋ ተከልለው አይጥ ያድናሉ። በመንዝ ጓሳ በተደረገ ጥናት ደግሞ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆነው ካደረጓቸው የአይጥ አደን ሙከራዎች 67 በመቶው ተሳክቷል፤ ከመንጋው ውጭ የተሳካው 25 በመቶው ብቻ ነበር።

ግልገሎች የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በድንጋይ ሥር ነው። ወቅቱ ከገብስ አጨዳና ከቃርሚያ ግጦሽ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ግልገል ያለበት ጉድጓድ ሲገኝ ሰው፣ ውሻና ከብት ከአካባቢው እንዲርቁ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከተኩላ መለየት

ቀይ ቀበሮ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮና ሆድ፣ ረጅም ቀጭን አፍና ጫፉ የጠቆረ ጭራ አለው። ተኩላ ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት ጸጉር ያለው ሲሆን፣ ከእርሻና ከመንደር አካባቢ ጋር ይበልጥ የተላመደ ነው። የበግ ጥቃት ሲደርስ ሁለቱን ሳይለዩ ቀይ ቀበሮን መወንጀል ተገቢ አይደለም። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ የበግና የፍየል ግልገል ይወስዳል፤ ጉዳቱን ግን በሚከተሉት መንገዶች መቀነስ ይቻላል።

• በጎችን ያለ እረኛ አለማሰማራት፤ የወለዱትንና ግልገሎቻቸውን በመንደር አቅራቢያ ማቆየት።
• ሌሊት ግድግዳውና በሩ ጠንካራ በሆነ ጉረኖ ማሳደር።
• የሞተ እንስሳን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር እንጂ በሜዳ አለመጣል።
• በሥጋ ላይ መርዝ አለማድረግ። ለጅብ ወይም ለተኩላ የታሰበ መርዝ ቀይ ቀበሮን፣ ጥንብ አንሳንና የገበሬውን ውሻ ይገድላል።

ውሻና በሽታ

ከእርሻ መስፋፋት ቀጥሎ ለቀይ ቀበሮ ከባዱ አደጋ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የጀመሩት የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኞች ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅተዋል። በሽታው ሰውንና ከብትንም ስለሚገድል፣ ውሻን ማስከተብ በመጀመሪያ የገበሬውን ቤተሰብ ይጠብቃል።

እያንዳንዱን ውሻ በየዓመቱ ማስከተብ፣ ሌሊት ማሰርና ወደ ቀበሮ መኖሪያ ይዞ አለመሄድ ይመከራል። ከሚያስፈልገው በላይ ውሻ ማርባትም አይገባም። ያበደ ውሻ ወይም ቀበሮ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በፍጥነት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የሞተ ቀበሮ ሲገኝ በባዶ እጅ ሳይነኩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለልማት ሠራተኛው ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የሣር መሬት አያያዝ

መንዝ ጓሳ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት የጓሳ ሣሩን መሬት ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ እየከለለ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ይጠቀምበት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኋላ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። የጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ በድርቅ ጊዜም ለከብት መኖ ይሆናል፤ ለቀበሮውም አይጥ የሚራባበት መኖሪያ ነው።

በሌሎች ደጋዎችም ማሳን ወደ ሣሩ አለመግፋት፣ ግጦሽን በተራ መከለልና ምርትን ባለው ማሳ ላይ በተሻሻለ የገብስ ዘርና በአፈር እንክብካቤ ማሳደግ ይመከራል። ይህ አሠራር ለከብት መኖን፣ ለታችኛው ተፋሰስም ምንጭን ያቆያል። ቀይ ቀበሮ ከዚህ ምድር ከጠፋ ከሌላ አገር ሊመጣ አይችልምና፣ እያንዳንዱ አዋሳኝ ቀበሌ ማሳ ወደ ሣሩ እንዳይገፋ የሚከለክል የወሰን ደንብ ዛሬውኑ በጉባኤ ሊያጸና፣ ውሾቹንም ሊያስከትብ ይገባል።