የመጀመሪያው ማራቶን፦ ሰውነት 42 ኪሎ ሜትርን እንዴት ይማራል?

የማራቶን ስም ሲነሣ በኢትዮጵያውያን ልቡና ቀድሞ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ከእርሱ በኋላ ማሞ ወልዴ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ቲኪ ገላና እና ታምራት ቶላ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ አጥልቀዋል። ይህ ታሪክ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን አንድ የተሳሳተ እምነትም አስከትሏል። እርሱም «ሩጫ በደማችን ያለ ነው» የሚለው ነው።

ይህ እምነት ከአገር ርቆ በሚኖር ሰው ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠው የሚውሉ፣ ሌሊቱን በሥራ የሚያነጉ፣ ለዓመታት በእግራቸው ረጅም መንገድ ያልሄዱ ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ሰው በደሙ ብቻ ተማምኖ ለማራቶን ቢመዘገብ፣ አጋማሹን ሳያልፍ ጉልበቱን ይዞ ከመንገድ ዳር ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚህ የከፋም ሊደርስበት ይችላል። ሳይንስ ስለዚህ ጉዳይ ከሚያስተምራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች አንዳንዶቹ የተገኙት በዚያው በዳላስ ከተማ መሆኑ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው።

ሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1966 በዳላስ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሃያ ዓመት የሆናቸውን አምስት ጤናማ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጉ። በዚያ ዘመን የልብ ሕመም የደረሰበት ሰው ለሳምንታት ተኝቶ እንዲያርፍ ይታዘዝ ስለነበር፣ ዕረፍቱ በራሱ ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ አስፈላጊ ነበር። መለኪያቸውም ሰውነት በብርቱ ሲሠራ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ነበር። ይህ መጠን የልብን፣ የሳንባን፣ የደምንና የጡንቻን ብርታት በአንድነት ያሳያል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የወጣቶቹ አቅም ከሩብ በላይ ቀነሰ። ቀጥሎ ለስምንት ሳምንታት ያህል ልምምድ ሲያደርጉ ግን አማካይ አቅማቸው ከመነሻው በላይ ሆነ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ተመረመሩ። ሠላሳ የዕድሜ ዓመታት ያደረሱባቸው ጉዳት፣ በወጣትነታቸው ሦስት የአልጋ ሳምንታት ካደረሱባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር ቀስ በቀስ እየጨመረ በሚሄድ ልምምድም በዕድሜ ያጡትን አቅም መልሰው አገኙ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚያው ከተማ ሌላ ጥናት ወጣ። ዶክተር ቤንጃሚን ሌቪንና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 የሆኑ፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በሳምንት አራትና አምስት ቀን ሲለማመዱ የቆዩት ሰዎች ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው 18 በመቶ ጨመረ፤ በመቀመጥ ብዛት ደርቆ የነበረው የልብ ጡንቻቸውም ተለሰለሰ። ከእነዚህ ጥናቶች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አቅም ካልተጠቀሙበት ቶሎ ይሄዳል፣ በትዕግሥት ከሠሩለት ግን ይመለሳል።

የደጋ ደም በቆላ አይቆይም

«እኔ እኮ በደጋ ነው ያደግሁት» የሚል ሌላ መመኪያም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላት፤ ዳላስ ግን 130 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ይሠራል። ሰውየው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ግን ሰውነት ትርፉን አያስቀምጥም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሰዋል። ዓሥር ዓመት በቴክሳስ የኖረ ሰው በደጋ ያፈራውን ትርፍ ደም ይዞ አይሮጥም።

ከፍታም ቢሆን ያለ ልምምድ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። ዶክተር ሌቪንና የሥራ ባልደረባቸው ጄምስ ስትሬይ-ጉንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 39 ሯጮችን በሦስት ከፍለው ለአራት ሳምንታት አሠለጠኑ። በ2,500 ሜትር ከፍታ እየኖሩ ወርደው በ1,250 ሜትር የሚለማመዱት ሯጮች በ5,000 ሜትር ሩጫ ሰዓታቸውን አሻሻሉ። በከፍታው ላይ እየኖሩ እዚያው የተለማመዱት ግን ደማቸው ቢበዛም እንደዚያ አልፈጠኑም፤ ስሱ አየር በልምምዱ ጊዜ ፍጥነታቸውን ቀንሶት ነበርና።

ልብ ይቀድማል፣ አጥንት ይከተላል

አዲስ ሯጭ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ምስጢር የሰውነት ክፍሎች በእኩል ፍጥነት የማይማሩ መሆናቸው ነው። ልብና ደም በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ። ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው «በረታሁ» ብሎ ርቀቱን በአንድ ጊዜ ሲያበዛ፣ ገና ያልጠነከረው የእግሩ አጥንት ሊሰነጠቅ፣ የተረከዙም ጅማት ሊቆጣ ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል በዚህ ቦታ የሕክምና ምክር ይሆናል።

የዳላስ ማራቶን የሚካሄደው በታኅሣሥ ወር በፈረንጆቹ አቆጣጠር አጋማሽ ገደማ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር በኋይት ሮክ ሐይቅ ስም ይጠራ ነበር። የሐይቁ ዙሪያ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ መለኪያ ነው። የ18 ሳምንት ዝግጅት ለማድረግ ታዲያ ልምምዱ በነሐሴ መጀመሪያ መጀመር አለበት። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ሠላሳ ደቂቃ ሳይቸገር መሮጥ የሚችል መሆን ይገባዋል። ካልቻለ ጥቂት ወራት እየተራመደ በመሮጥ ያሳልፍ፤ ውድድሩን ለሚቀጥለው ዓመት ወይም በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ለሚካሄደው የፎርት ወርዝ የካውታውን ማራቶን ቢያቆየው ብልህነት ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ቀላል ሩጫዎችና አንድ ረጅም ሩጫ ይበቃሉ። ቀላል ማለት ከጎን ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተነጋገሩ መሮጥ የሚቻልበት ፍጥነት ነው። ረጅሙ ሩጫ በ10 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቀንሶ ሰውነት ያርፋል። በዚህ አካሄድ በአምስተኛው ሳምንት ሐይቁን አንድ ጊዜ፣ በዓሥራ አምስተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ መዞር ይቻላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ልምምዱ የሚቀንስባቸው የዕረፍት ሳምንታት ናቸው። ሰውነት የሚጠገነው በዕረፍት ነውና፣ የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው ከሥራ እንደወጣ ሳይተኛ ረጅም ሩጫ ባይሮጥ ይመረጣል።

ሙቀትና በረዶ

የዳላስ ነሐሴ ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአካባቢው ሙቀቱ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በእነዚህ ቀናት ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ የደም ፈሳሽም ይጨምራል። ስለዚህ ልምምዱ ጎሕ ሳይቀድ ቢጀመርና ፍጥነቱ ቢቀንስ ይሻላል። በሙቀት የሚሮጥ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ግራ ከተጋባ አደጋ ላይ ነው፤ ወዲያው በጥላ ሥር በቀዝቃዛ ውኃ ሰውነቱን ማቀዝቀዝና ወደ 911 መደወል ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዳላስ ማራቶን በበረዶ ምክንያት ተሰርዞ ነበር።

የመንገድ ስንቅ

ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ ግራም አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶንን ለመጨረስ ወደ 2,950 ካሎሪ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በጡንቻውና በጉበቱ ግላይኮጅን በሚባል መልክ የተከማቸው ስኳር ግን የሚሰጠው 2,000 ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። ስብ ብዙ ቢኖርም ቀስ ብሎ ስለሚነድ ፍጥነትን ብቻውን አይደግፍም። ብዙ ጀማሪዎች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግራቸው በድንገት እንደ እርሳስ የሚከብዳቸው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዳላስ ማራቶን በሴቶች መሪ የነበረችው ሯጭ ከ200 ሜትር ያነሰ ሲቀራት ጉልበቷ ከድቷት ደጋግማ ወድቃለች፤ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደግፋ እያነሣቻት መስመሩን አልፋለች። ልምድ ያለውን ሯጭ እንዲህ የሚጥል ርቀት ጀማሪን አይምርም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ መሮጥ ነው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ስኳሩ ቶሎ ያልቃልና። ሁለተኛው በመንገድ ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ነው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና በሶ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ጡንቻን በስኳር ለመሙላት የተመቹ ምግቦች ናቸው። በሩጫ ላይ የሚወሰደው ምግብ ግን አስቀድሞ በልምምድ የተሞከረ ሊሆን ይገባል።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚጀምር ከዳላስ ማራቶን ጋር ይገጥማል። የጾም ምግብ ለሯጭ ችግር አይሆንም፤ እንዲያውም ካርቦሃይድሬት የሞላበት ነው። እስከ ከሰዓት በኋላ ያለ እህልና ውኃ ቆይቶ በዚያው ረጅም ሩጫ መሮጥ ግን አደገኛ ነው። ጾመኛው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ቢመካከር፣ ወይም ሌላ ውድድር ቢመርጥ መልካም ነው።

ውኃም ሲበዛ ይጎዳል

ከጥማት የተነሣ የሚፈራ ሰው አብዝቶ ሊጠጣ ይችላል። ይህም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች መካከል 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኝቷል። ከልክ በላይ የጠጡና በሩጫው ላይ ክብደት የጨመሩ፣ ከአራት ሰዓት በላይ የሮጡትም ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። ሶዲየም በእጅጉ ሲወርድ አንጎል ሊያብጥና ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚበጀው ሲጠሙ መጠጣት ነው።

የደረት ሕመም፣ በሩጫ ላይ ራስን መሳት፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፣ በቤተሰቡም በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው ያለ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግድ ነው።

አበበ ቢቂላ ራሱ በሮም ያሸነፈው በደጋ ተወልዶ ስላደገ ብቻ አልነበረም። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር ተለማምዶ ነው ለድሉ የበቃው። በዳላስ የሚኖር ወገኑም የሚወርሰው ነገር ካለ ይህን ልምምድ ነው። በነሐሴ ጎሕ ላይ የሐይቁን አንድ ሩብ እየተራመደ የሚጀምር ሰው፣ በኅዳር ሁለት ጊዜ ዞሮት ሲጨርስ፣ በታኅሣሥ የሚቀረውን 12 ኪሎ ሜትር ሊሞክር የሚችል አካል ይዟል። በዚያ ዓመት ባይሮጥም እንኳ፣ በዳላስ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልቡ ቀድሞ ከነበረው የተሻለ ሆኗል።