ሒማ በባሕር ላይ፦ የሚሳሊ አጥማጆች

ሒማ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ግጦሽን ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለፈረሶች የከለሉትን ነቂዕን። ባሕር ላይስ ይሠራል? ዛንዚባር ውስጥ ከፔምባ በስተ ምዕራብ ያለችውን ትንሿን የሚሳሊ ደሴት እንይ።

በአካባቢው አንዳንዶች በድማሚት ያጠምዱ ነበር። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ (የፈሳሽ ትምህርት የወሰድን እናውቀዋለን) የፍንዳታው ግፊት በቀጥታ ደርሶ በዓሣው ሆድ ያለውን የአየር ከረጢት ይቀደዋል። ከሞተው ብዙው ሰምጦ ይቀራል፤ ይህ ኢስራፍ ካልሆነ ምን ይሆናል? የከፋው ግን የኮራሉ መሰባበር ነው። ኮራል ለዓሣ መሸሸጊያና መመገቢያ ነው፤ አብዛኛው በዓመት ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ ስለማያድግ በቅጽበት የፈረሰው እስኪመለስ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

ደሴቷና ዙሪያዋ በ1998 (እ.ኤ.አ) ጥብቅ ሥፍራ ሆኑ። ከባሕሩ ጥቂቱ ጭራሽ አይጠመድበትም፤ የቀረው ለአጥማጆች ክፍት ነው። በተከለለው ውስጥ ዕድሜ ያገኘ ትልቅ ዓሣ ከትንሹ እጅግ የበዛ እንቁላል ይጥላል፤ ትርፉም ወደ ውጭ ወጥቶ መረብ ይገባል። ስሌቱ ይኸው ነው። በ1999 ደግሞ ነዋሪነታቸው እንግሊዝ የሆነው ፋዝሉን ኻሊድ ሄደው ከቁርኣን ተነስተው ስለ ኸሊፋነትና ስለ አማና አስተማሩ። የመንግሥት ክልከላ ያላሳመናቸው አጥማጆች ይህን ሰምተው ተቀበሉት።

ቢሆንም ትምህርቱ ብቻውን ይበቃል አንልም። አጥማጁ ለልጆቹ የዛሬ ራት ይፈልጋል፤ የተከለለው ባሕር ጥቅም ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚያቆየው ሌላ ሥራ ወይም የጋራ ቁጠባ ካላገኘ፣ አማናውን እያወቀም ወደ ድማሚቱ እንዳይመለስ እንሰጋለን።