የመሰንቆ ዘንግና የዩክሌሌ አንገት ከሣጥኑ ጋር እንዴት ይጋጠማሉ?

መግቢያ

የአንድን ክራር ወይም መሰንቆ ጥሩነት ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ክሩን፣ ቆዳውንና የተጫዋቹን እጅ ነው። አንገቱና ሣጥኑ የሚገናኙበትን ቦታ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያ ቦታ ከላላ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን መሰንቆና ዩክሌሌ በሚባለው ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ መካከል ያለውን የአገጣጠም ልዩነት ማስረዳትና በገዋኔ እንጨትና በገዋኔ ሙቀት ለመሥራት ለምናስብ ተማሪዎች የሚያዋጣውን መንገድ መጠቆም ነው። የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ምን አገባው የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ የእንጨት ነውና ያገባናል።

1. መሰንቆ፦ ክሩን የሚሸከመው ዘንጉ ራሱ ነው

የመሰንቆ ሣጥን አራት ማዕዘን ሆኖ በማዕዘኑ የቆመ ነው፤ ፊቱ በቆዳ ይለበጣል። ዘንጉ ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ያልፍና ጫፉ ከሥር ብቅ ይላል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ክር በላይ በኩል መቃኛው ላይ ይጠመጠማል፣ በታች በኩል ብቅ ባለው የዘንጉ ጫፍ ላይ ይታሰራል።

ልብ በሉ፤ የክሩ ሁለቱም ጫፎች ያሉት በአንድ እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ ክሩ ምንም ያህል ቢወጠር ዘንጉን ሊያጎብጠው ይሞክራል እንጂ ዘንጉን ከሣጥኑ ሊነቅለው አይችልም። መጋጠሚያው ያለ ኮላና ያለ ምስማር፣ ቀዳዳው በልክ ስለሆነ ብቻ ይይዛል። ከዚህም ሌላ የመሰንቆ ተጫዋች ክሩን ዘንጉ ላይ አይጫነውም፣ በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ክሩ ከዘንጉ ትንሽ ቢርቅ ወይም ቢቀርብ ሙዚቃው አይበላሽም። ቀላል የሚመስለው አሠራር በእውነት ብልሃት ያለበት ነው።

2. ዩክሌሌ፦ ሸክሙ በመጋጠሚያው ያልፋል

ዩክሌሌ የሃዋይ መሣሪያ ይባል እንጂ ሥሩ ፖርቱጋል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1879 ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከማዴይራ ደሴት ሆኖሉሉ ከገቡት ስደተኞች መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ አናጺዎች ነበሩ። የአገራቸውን ትንሽ ጊታር በሃዋይ እንጨት መሥራት ጀመሩ። የታወቀው የዩክሌሌ እንጨት ኮአ ይባላል፤ ኮአ ደግሞ የእኛ ግራር ዘመድ ነው።

በዩክሌሌ የክሮቹ አንድ ጫፍ በአንገቱ ራስ ላይ፣ ሌላው በሣጥኑ ፊት ላይ ነው። እንግዲህ የአራቱ ክሮች ጉተታ ተደምሮ 15 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ ያ ሁሉ በመጋጠሚያው በኩል ያልፋል። አንገቱን ወደ ፊት ያጥፈዋል፣ የአንገቱን ተረከዝ ደግሞ ከሣጥኑ ሊያላቅቀው ይታገላል።

ለዚህ መፍትሔ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው የርግብ ጅራት ቅርጽ ያለው ወንዴና ሴቴ ገጠማ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን የሠለጠነ እጅና ስለታም መሮ ይፈልጋል። ሁለተኛው የስፔን አሠራር ነው፤ ተረከዙ ይሰነጠቅና የሣጥኑ ጎኖች ስንጥቁ ውስጥ ይገባሉ፣ አንገትና ሣጥን አብረው ይገነባሉ። ሦስተኛው በቡሎን ማሰር ነው።

3. ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?

ዩክሌሌ ፍሬት ስላለው ስህተት አይምርም። ትንሿን ዩክሌሌ እንውሰድ። የክሩ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር፣ መጋጠሚያው 12ኛው ፍሬት ላይ ማለትም በክሩ ግማሽ ላይ፣ የተረከዙ ቁመት 4.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከተረከዙ ሥር 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢፈጠር፣ አንገቱ 17 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ራሱ ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል። ክሩም 12ኛው ፍሬት ላይ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በዚያ ቦታ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ብዙ መብለጥ ለሌለበት ክር ይህ ቀልድ አይደለም፤ ጣት ያማል፣ ቅኝቱም ይዛባል።

4. የገዋኔ ሙቀትና የገዋኔ እንጨት

ተራው ነጭ ኮላ ሙቀትና የማያቋርጥ ጭነት ሲገናኙበት ቀስ እያለ ይለቃል። ከደጋ የመጣ እርጥበት ያለው እንጨት ደግሞ እዚህ ሲደርቅ በጎኑ ይሸማቀቃል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። በመሆኑም ለእኛ አካባቢ የምመርጠው ቡሎን ነው፤ ሲላላ ይጠበቃል፣ ካስፈለገም ተፈትቶ ይታረማል።

እንጨቱስ? በደጃችን ፕሮሶፒስ አለ፤ አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል። ወደ አዋሽ ሸለቆ ከገባ ወዲህ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል፣ የከብቱንም ግጦሽ ነጥቋል። ሲቆረጥ በብዛት ከሰል ይሆናል። ነገር ግን እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅም የሚሸማቀቀው በጥቂቱ ነው። ግንዱ ጠማማ በመሆኑ ለመሰንቆ ረጅም ዘንግ ማግኘት ያስቸግራል። የዩክሌሌ አንገት ግን አጭር ስለሆነ ከቁራጭ ይወጣል። ክብደቱ እንዳያዘነብል አንገቱን ማቅጠን ያስፈልጋል። ሣጥኑን በቀላሉ ዋንዛ መሥራት ይቻላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ እንጨቱን ስናጓጉዝ ፍሬው አብሮ እንዳይሄድ ማየት ግዴታችን ነው።

5. አሠራሩ በቅደም ተከተል

ሀ) እንጨቱን ጥላ ሥር በደንብ ማድረቅ።
ለ) ሣጥኑ ሳይዘጋ በአንገት በኩል ከውስጥ ወፍራም እንጨት መለጠፍ፤ ቡሎኑ የሚያልፈው በእሱ ነው።
ሐ) በሣጥኑና በአንገቱ መሐል ለመሐል በእርሳስ መስመር ማስመር፣ ከራሱ እስከ ሣጥኑ ሥር ክር ወጥሮ ማየት።
መ) ቀዳዳውን በትራፓኖ ቀጥ አድርጎ መብሳት። ቡሎኑ ተረከዙ ውስጥ በአግድም የተቀበረ ዳዶ ይያዝ፤ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከተያዘ ይነቀላል።
ሠ) ብርጭቆ ወረቀት በተረከዙና በሣጥኑ መሐል አስገብቶ፣ ሻካራውን ወደ ተረከዙ አድርጎ፣ አንገቱን እየተጫኑ ወረቀቱን መሳብ። ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ ይደገማል።
ረ) ቀጥ ያለ ማስመሪያ አንገቱ ላይ አስተኝቶ ጫፉ የክሩ መቀመጫ ላይኛው ጠርዝ ጋ መድረሱን ማረጋገጥ።
ሰ) ቡሎኑን ማጥበቅ፣ ክር መወጠር፣ ጥቂት ቀን አቆይቶ እንደገና መለካት።

ማጠቃለያ

መሰንቆ ሸክሙን ከመጋጠሚያው ላይ በማንሳት ችግሩን አስቀድሞ ፈትቶታል። ዩክሌሌ ሸክሙን ለመጋጠሚያው ስለሚሰጥ የእኛን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደርጊ ሃራን በዩክሌሌ እናጠፋዋለን ማለቴ አይደለም፤ ሚሊዮን ሄክታር በመሮ አያልቅም። ሆኖም በከሰል ዋጋ ከሚሸጥ ቁራጭ እንጨት የእጅ ሙያ ያለበት ዕቃ ማውጣት ይቻላል። ክፍላችን በወርክሾፑ መሮና ሞርሳ ቢያሟላ ከሁለቱም መሣሪያ አንዳንድ ሠርተን ጎን ለጎን ብንፈትሻቸው የእንጨት ትምህርታችንን ከሰሌዳ ወደ እጅ እናወርደዋለን እላለሁ።