ቀይ ቀበሮን ለማዳን ውሻን መከተብ

በዚህ ጽሑፍ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ላስረዳ የፈለግሁት፥ በባሌ ደጋ ላይ ለእንስሳት ደኅንነት የሚደክሙ ባለሙያዎች የሚሠሩትን አንድ ሥራ ነው። እነዚህን ሰዎች ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀይ ቀበሮ ጠባቂነታቸው ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚታዩት በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ ሲወጉ ነው። «ቀበሮው ተራራ ላይ፥ መርፌው መንደር ውስጥ፤ ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። እኔም መልሱን ፈልጌ ያገኘሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በእኛው ባሌ፥ በሰነቴ አምባና በወይብ ሸለቆ አካባቢ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄድ መንገደኛ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሰነቴን ሲያቋርጥ፥ ዕድል ከቀናው ከመኪናው ሳይወርድ ያየዋል። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፥ ማለት የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ይኸውም ለመውለድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው።

አደኑን የሚያድነው ብቻውን ነው። ዋናው ምግቡም አይጥና ፍልፈል ነው፤ የባሌ ፍልፈል ደግሞ እስከ አንድ ኪሎ ሊመዝን የሚችል ስለሆነ የሚናቅ ምሳ አይደለም። ኑሮው ግን በቤተ ሰብ ነው። ንጋትና ማታ ተሰብስበው አፍ ለአፍ እየተነካኩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ የግዛታቸውንም ወሰን አብረው ይዞራሉ። ከመንጋው የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ስትሆን፥ ሌሎቹ ለግልገሎቿ ምግብ ያመጣሉ። ከሰው መካከል እንኳ እንዲህ ያለ መተጋገዝ ሁልጊዜ አይገኝም። ነገር ግን ይህ መልካም ጠባዩ ለበሽታ በር ይከፍትበታል።

በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ስለሚገኝ በንክሻ ይተላለፋል። አንድ የታመመ ውሻ አንዱን ቀበሮ የነከሰ እንደ ሆነ፥ ያ ቀበሮ ወደ ቤተ ሰቡ ተመልሶ ለሌሎቹ ያደርሰዋል። በባሌ ይህ መቅሠፍት በ1991 እና በ1992፥ በ2003 እና በ2004፥ በ2008 እና በ2009፥ ደግሞም በ2014 ታይቷል። በሽታው በገባባቸው ስፍራዎች ከአራት ቀበሮ እስከ ሦስቱ ድረስ የሞቱበት ጊዜ አለ። የኩፍኝ ቫይረስ ዘመድ የሆነው ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታም በ2010 ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። በጠቅላላው 500 ለማይሞላ ፍጥረት እንዲህ ያለው እልቂት ምን ማለት እንደ ሆነ ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ታዲያ ውሻው እዚያ ከፍታ ላይ ምን ይሠራል? የደጋው እረኛ ከብቱንና በጉን ከጅብና ከነብር የሚያስጠብቀው በውሻ ነው። በጎዳንቱ ጊዜ ሰው ከብቱን ወደ ግጦሽና ወደ ሆራ ሲነዳ ውሻውም ይከተላል። ተከትሎም በረሃብ ከቀበሮው ስፍራ ይገባል፤ አይጥ ያሳድዳል፥ ጥንብ ይሻማል። ከቀበሮ ጋር ተዳቅሎ የተገኘበትም ጊዜ አለ። የተራበ ውሻ ሩቅ ይሄዳል፤ ሩቅ የሚሄድ ውሻም በሽታን ሩቅ ይወስዳል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያውስ ውሾቹን መጨረስ ነው» ይላሉ። በአገራችን ከተሞችም ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መግደል የቆየ ልማድ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ውሾች ሲገደሉ ቆሻሻውና ጥንቡ እንዳለ ስለሚቀር፥ ከሌላ ስፍራ ያልተከተቡ ውሾች መጥተው ይተኩባቸዋል፤ የቀሩትም ቶሎ ይራባሉ። ተከትቦ የነበረው ውሻ አብሮ ከሞተ ደግሞ የተደከመበት ክትባት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እረኛውም ውሻው ከሞተበት በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ይፈልጋል፤ ጅቡ አይጠብቀውምና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ወደ 59000 ይገመታል፤ ከእነዚህም በጣም የሚበዙት ከውሻ ንክሻ የተነሣ የሚሞቱ ናቸው፤ ሕፃናትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለቀበሮው ተብሎ የሚወጋው መርፌ ለእረኛው ልጅም ነው።

በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ ውሾችን ሲያስከትብ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሥራው ከሚመስለው ይከብዳል። ክትባቱ ሙቀት ካገኘው ስለሚበላሽ በበረዶ ሣጥን ይጓዛል፤ መኪና በማይደርስበት ፈረስ ያደርሰዋል። በየዓመቱም ቡችሎች ስለሚወለዱ አምና የተሠራው ዘንድሮ ጎዶሎ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባለቤቱን ማሳመን ይመስለኛል። በዕረፍት ጊዜ ዲንሾ አጠገብ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሳለሁ ከታቢዎች መጡ። አጎቴም «መርፌ የተወጋ ውሻ ሰነፍ ይሆናል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ማን ይጮኽልኛል?» ብለው ከለከሉ። የአገሩ ተወላጅ የሆነው ወጣት ከታቢ «አባባ፥ ያበደ ውሻስ የማንን በግ ይጠብቃል? ያሳደጉት እርስዎ ነዎትና አንገቱን ይያዙልኝ፤ እኔን ይነክሰኛል» አላቸው። አጎቴ ስቀው ያዙለት። የዚያን ዕለት ሌሊት ውሻው ሲጮኽ አድሮ እንቅልፍ ስለ ነሣን፥ ስለ ስንፍናው የተነሣው ክርክር በዚሁ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ላክል። ሰው በውሻ የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 ነው፤ ክትባቱ የሚረዳው ግን የበሽታው ምልክት ከመታየቱ በፊት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ወደ ቀበሮው ልመለስ። በ2003 በሽታው በወይብ ሲነሣ ሊቃውንቱ ውሻን መከተብ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ። በአጎራባች መንጋዎች ያሉትን ቀበሮዎች በወጥመድ እየያዙ ከተቡ፤ በሽታውም እንዳይዛመት አገዱት። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ግድ አይደለም፤ ከመንጋ ወደ መንጋ መሸጋገሪያ በሆኑት ስፍራዎች የሚኖሩትን መከተብ ትልቁን እልቂት ሊያስቀር ይችላል። ወጥመድ ግን ለእንስሳውም ለሰውም አድካሚ ነው። ስለዚህ ከብዙ ዓመት ሙከራ በኋላ በ2018 በሚበላ ክትባት መጠቀም ተጀመረ። ክትባቱን በትንሽ ከረጢት አድርገው በፍየል ሥጋ ውስጥ ይደብቁታል፤ ቀበሮውም ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይቀደድና ክትባቱ አፉን ያርሰዋል። ሥጋውን የሚያድሉት በሌሊት ነው። በዚያ ከፍታ የሌሊቱ ብርድ ውኃን ያረጋል፤ ሠራተኞቹ ግን ቀበሮው መጥቶ መብላቱን እስኪያዩ ድረስ በዚያው ይቆያሉ።