ታህት ላይ «ሸ» ሲኖር፦ ነጥብ የምንጥልበት ቦታ



የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ሚድ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው በትክክል ሠርቼ ግማሽ ነጥብ ብቻ ተሰጠኝ። ሁለት መልስ አግኝቼ ሁለቱንም ጽፌ ነበር፤ አንዱ ግን መልስ አልነበረም። ዘንድሮም ከመግሪብ በኋላ በምናደርገው ቲቶሪያል ብዙ ፍሬሽማን ወንድሞችና እህቶች እዚያው ላይ ሲደናቀፉ ስላየሁ፣ ፋይናል ሳይደርስ ይህን ጻፍኩ።

ከስሙ እንነሳ። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ፣ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን፣ ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ መጽሐፍ ጻፈ። «አልጀብራ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። «ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንንም ይገልጻል፤ የወጌሻ ሥራ መሆኑ ነው። ክፍልፋይ ደግሞ «ከስር» ይባላል፣ ስብራት። ከመጽሐፉ ሰፊው ክፍል ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው፤ የሚራስ ድርሻ 1/2፣ 1/4፣ 1/8 እያለ ስለሚሄድ ከክፍልፋይ ማምለጫ የለም። የማይታወቀውን ቁጥር በምልክት ሳይሆን በቃል «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር» ይለው ነበርና እኔም እዚህ «ሸ» እለዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢጨምር ኖሮ 2 ሰዓት ቀድሞ ይደርስ ነበር እንበል። ፍጥነቱ ሸ ከሆነ፦

400/ሸ − 400/(ሸ + 10) = 2

ግራና ቀኙን በታህቶቹ ትንሹ የጋራ ብዜት፣ በሸ(ሸ + 10)፣ እናባዛለን። ታህቶቹ ይጠፋሉ፦

400(ሸ + 10) − 400ሸ = 2ሸ(ሸ + 10)
4000 = 2ሸ² + 20ሸ
ሸ² + 10ሸ − 2000 = 0
(ሸ − 40)(ሸ + 50) = 0

ሸ 40 ወይም −50 ነው። −50 እኩልታውን ያሟላል፤ ተክታችሁ ሞክሩት። የምንጥለው የአውቶቡስ ፍጥነት ከዜሮ በታች ስለማይሆን ብቻ ነው። በ40 ጉዞው 10 ሰዓት፣ በ50 ደግሞ 8 ሰዓት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ቀኝ በኩል ያለው 2 ራሱ መባዛቱን ልብ በሉ። ታህት ስለሌለው ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ይህን እዩ፦

ሸ/(ሸ − 3) = 3/(ሸ − 3) + 2

2ን ሳያባዛ የሚሠራ ሰው ሸ = 3 + 2 ብሎ 5 ያገኛል። ሲተካው ግራው 5/2፣ ቀኙ 7/2 ይሆናል። በትክክል ከተሠራ ሸ = 3 + 2(ሸ − 3) ነው፤ ከዚያ ሸ = 3። ግን 3ን ብንተካ ታህቱ ዜሮ ይሆናል፣ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ስለዚህ ይህ እኩልታ መፍትሔ የለውም። «መፍትሔ የለውም» ብሎ መጻፍ ያስፈራል፤ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ግን እሱ ነው።

ስሌቱ ሳይሳሳት የሐሰት መልስ ከየት መጣ? በ(ሸ − 3) ስናባዛ፣ ሸ 3 ከሆነ ያባዛነው በዜሮ ነው። 5 = 7 ሐሰት ነው፤ ሁለቱንም በዜሮ አባዙትና 0 = 0፣ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ማባዛቱ ሐሰቱን ሸፈነው እንጂ አላረመውም።

እኔን ነጥብ ያስጣለኝ ዓይነት ይህን ይመስላል፦

ሸ/(ሸ − 2) + 1/(ሸ − 4) = 2/(ሸ² − 6ሸ + 8)

የቀኙ ታህት (ሸ − 2)(ሸ − 4) ነው። ምንም ሳትሠሩ ገና ከላይ «ሸ 2 እና 4 አይሆንም» ብላችሁ ጻፉ። ይህች መስመር አምስት ሰከንድ አትወስድም። ከዚያ፦

ሸ(ሸ − 4) + (ሸ − 2) = 2
ሸ² − 3ሸ − 4 = 0
(ሸ − 4)(ሸ + 1) = 0

4 ከላይ ተከልክሏል፤ የሚቀረው −1 ነው። ሲተካ ግራው 1/3 − 1/5፣ ማለትም 2/15፤ ቀኙም 2/15።

አንድ ሌላ ስህተት በአጭሩ፦ (ሸ + 3)/ሸ ላይ ሸን ከሸ ሰርዞ 3 ማለት አይቻልም። ሸ 1 ሲሆን 4 እንጂ 3 አይደለም። የሚሰረዘው ተባዢ እንጂ ተደማሪ አይደለም።

ለልምምድ፦ ሁለት ቧንቧ አንድ ሮቶ በጋራ በ6 ሰዓት ይሞላሉ። አንዱ ብቻውን ከሌላው 5 ሰዓት ዘግይቶ ይሞላል። እያንዳንዱ ብቻውን በስንት ሰዓት ይሞላዋል? መልሱ 10 እና 15 ነው፤ ለቲቶሪያል ይዛችሁ የምትመጡት አሠራሩን ነው።