የንግድ ሥርዓት

በዳንግላ ገበያ ሁለት ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተው የማርና የድንች ንግድ ጀመሩ። እርስ በርሳቸው ስለ ተማመኑ የገባውንና የወጣውን አልጻፉም፤ ዱቤ የወሰደውንም ሰው አልመዘገቡም። ዓመቱ ሲፈጸም ገንዘቡ ጎደለ። የሰረቀ አልነበረም፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ጠረጠረና ተጣሉ።

ሽማግሌዎችም ነገሩን መርምረው እንዲህ አሉ፤ «የሸጣችሁትን በዕለቱ ጻፉ። ሁለታችሁም ሳትስማሙ ዱቤ አትስጡ። ለቤታችሁ የምትወስዱትን ከንግዱ ገንዘብ ለዩ። ሚዛናችሁም ለሁሉ አንድ ይሁን።» ወንድማማቾቹም ታርቀው ይህን ሥርዓት ያዙ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግም ከጥቃቅን ነጋዴዎች በቀር ነጋዴ ሁሉ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። መዝገብ የሚያዘው ሰው ስለማይታመን አይደለም፤ ሰው ስለሚረሳ ነው። ልጆች ሆይ፥ ወዳጅነት እንዲጸና ሂሳብ ይጻፍ።